ውርጭ ፍለጋ በትንሽ ቦርሳ

ሃያ ስድስት ዓመት ጂኦግራፊ አስተምሬያለሁ። በእነዚህ ሁሉ ዓመታት፣ ድሬዳዋ ላይ፣ የክፍሉ ቆርቆሮ በፀሐይ እየተንጣጣ፣ ጠመኔው በላብ የራሰ እጄ ላይ እየተለጠፈ፣ የአገራችንን የአየር ጠባይ ከበርሃ እስከ ውርጭ ደርድሬ ሳስረዳ ኖሬያለሁ። በርሃውን ለማስረዳት ተቸግሬ አላውቅም፤ በመስኮቱ በኩል ወደ ውጭ ማሳየት ይበቃል። ቆላውም ያው ነው። ደጋ ላይ ስደርስ ድምፄን ትንሽ ከፍ አደርጋለሁ። ውርጭ ላይ ስደርስ ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ተዋናይ ነው የምሆነው። እጆቼን አፋትጋለሁ፣ ትከሻዬን ወደ ጆሮዬ እሰበስባለሁ፣ "እፍፍፍ" እላለሁ። ተማሪዎቼ ይወዱታል። እኔም እወደዋለሁ።

ባለፈው ኅዳር ግን ሰሚራ የምትባል የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ እጇን አወጣች። ሰሚራ የሳቢያን ሰፈር ልጅ ናት፤ ከእኛ ቤት ሁለት ቤት አልፋ ከአያቷ ጋር ትኖራለች። ስትጠይቅ ዓይኗን አታርገበግብም።

"ቲቸር፣ አንቺ ውርጭ አይተሽ ታውቂያለሽ?"

አንቺ መባሌ ሌላ አገር ያለውን አንባቢ እንዳይከፋው። እኛ ዘንድ አንቱታ እምብዛም አይዘወተርም። ንቀት አይደለም፤ ሙቀቱ ነው፤ ረጅሙን ነገር ሁሉ ያሳጥራል።

እዚህ ላይ "አላየሁም" ብል ምን ይጎድልብኝ ነበር? ምንም። ግን አርባ ስምንት ልጅ አፉን ከፍቶ ሲያይ፣ በዚያ ላይ እጄን ገና አፋትጌ ሳልጨርስ፣ እንዴት ብዬ?

"እንዴ! ስንቴ!" አልኩ። "ሣሩ ላይ ስኳር የተነሰነሰ ነው የሚመስለው። ሲረግጡት ይጮኻል! አንድ ጊዜማ ጫማዬ ከመሬቱ ጋር ተጣብቆ አልላቀቅ ብሎኝ፣ ትቼው በባዶ እግሬ ነው የተመለስኩት!"

ሰሚራ ቀስ ብላ ተቀመጠች። ዋሸሁ ማለት ያንሰዋል፤ አገር ነው ያቋቋምኩት።

የዚያን ቀን ነገሩን ሳወጣ ሳወርድ ዋልኩ። ያላየሁትን ማስተማሬ አይደለም የከበደኝ፤ ያላዩትን ማስተማር የመምህር ሥራ ነው፤ እኔ ስለ ሰሜን ዋልታም አስተምራለሁ። የከበደኝ "አየሁ" ማለቴ ነው። አመሻሹ ላይ ሁለት መንገድ ታየኝ። አንዱ ክፍል ገብቶ እውነቱን መናገር፤ ሌላው ሄዶ ውርጩን አይቶ ውሸቱን እውነት ማድረግ። ሁለተኛው ቀለለኝ። ለምን እንደቀለለኝ የገባኝ በኋላ ነው።

ትምህርት ቤታችን ውስጥ ቶፊቅ የሚባል የባዮሎጂ መምህር አለ። ሠላሳ ዓመት አልሞላውም፤ እንደ ሽቦ የቀጠነ፣ እንደ ሽቦ የጠነከረ ነው። መምህራንን እየሰበሰበ ተራራ ያስወጣል። እኔንም ስንቴ ጋብዞኝ "ጉልበቴ" እያልኩ ስሸሸው ኖሬያለሁ። በዚያው ሳምንት ጋራ ሙለታ ላይ ወጥተን አንድ ሌሊት እናድራለን የሚል መልእክት ላከ። በማግስቱ መምህራን ክፍል ውስጥ ያዝኩት።

"እኔንም መዝግበኝ።"

"ቲቸር፣ ተራራው ላይ እኮ ነው የምናድረው። በድንኳን።"

"አውቃለሁ።"

"በጣም ይበርዳል።"

"እኔም የምሄደው ለእሱው ነው።"

ጉልበቴን አየ፣ ፊቴን አየ፣ ጻፈኝ። "እሺ። አንድ ሕግ ብቻ ነው ያለኝ። መኪናው ካወረደን በኋላ ሦስት ሰዓት በእግር ነው። ድንኳኑንና የምንተኛበትን ስሊፒንግ ባግ በአህያ አስጭናለሁ። የቀረውን እያንዳንዱ በጀርባው ይሸከማል። ስለዚህ ቦርሳ ትንሽ!"

"ትንሽ ስትል?"

"ተማሪ ደብተር የሚይዝባት ዓይነት።"

ቤት ስገባ ባለቤቴ መስፍን ሽርጡን አገልድሞ ቬንትሌተሩ ሥር ተቀምጧል። መስፍን የደብረ ብርሃን ልጅ ነው። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ድሬዳዋ መጥቶ መካኒክ ሆነ፤ ከዚያ ወዲህ ለለቅሶና ለሠርግ ካልሆነ አልተመለሰም። የደብረ ብርሃን ብርድ ግን በእሱ አፍ በየዓመቱ እየባሰበት ነው። ስንጋባ፣ ጠዋት ጠዋት ባልዲ ውስጥ ያለው ውኃ ላዩ ረግቶ ያድር ነበር ይለኝ ነበር። ልጃችን ስትወለድ ባልዲው ራሱ ተሰነጠቀ። ልጃችን አግብታ ሐዋሳ የገባች ጊዜ ደግሞ፣ አንድ አውራ ዶሮ ሊጮኽ አፉን እንደከፈተ ደርቆ ተገኘ።

ልሄድ መሆኑን ስነግረው ሽርጡ እስኪፈታ ሳቀ። ሳቁን ሲጨርስ ፊቱ ተለወጠ፤ በዚህ ቤት ለመጀመሪያ ጊዜ እውቀቱ የሚፈለግበት ቀን መጥቷል።

"ብርድን እኔን ጠይቂኝ" አለ። "ወረቀት አምጪ።"

ጋቢ ሁለት። ብርድ ልብስ አንድ። ሹራብ አራት። ካልሲ ስምንት፣ "ስድስቱ ለእግር፣ ሁለቱ ለእጅ"። ቅባት። ዝንጅብል። ባትሪ ድንጋይ፣ የባትሪ ድንጋዩ መለዋወጫ፣ የመለዋወጫው መለዋወጫ። ወረቀቱን ገልብጦ በጀርባው ቀጠለ። እኔም ልጃችን አንደኛ ደረጃ ስትማር የያዘቻትን ቦርሳ ከቁም ሣጥን ላይ አወረድኩ። ፊቷ ላይ የሚስቅ ድብ አለባት።

መጀመሪያ አንዱን ጋቢ ከተትን። ቦርሳዋ ሞላች። ወረቀቱ ላይ ሠላሳ አንድ ዕቃ ይቀረናል።

"አየሩ ነው" አለ መስፍን። "አየሩን እናስወጣው።" ተቀመጠባት። መስፍን ቀላል ሰው አይደለም። ድቡ ጉንጩ አበጠ፣ አንድ ዓይኑ ወደ ጎን ሄደ፣ ከዚያ ጠርዟ ላይ ያለው ስፌት "ጥርርር" ብሎ የጋቢው ጥለት ብቅ አለ። መሳቁን ግን አላቆመም፤ ድቡን ማለቴ ነው።

እኔ ግን ተስፋ አልቆረጥኩም። የጋቢ ዘመን አልፏል፣ አሁን ዓለም ላይ ክብደት የሌለው የሚሞቅ ጃኬት አለ፣ እሱን እገዛለሁ አልኩ። ስፌቷን ጠቀምኳትና በማግስቱ ከትምህርት ቤት መልስ፣ በእኩለ ቀን፣ አሸዋ ገበያ ሄድኩ።

ሰልባጅ ልብስ የምትሸጥልኝ ሆዳን የምትባል ሶማሌ ደንበኛ አለችኝ። ጥላ ሥር ተቀምጣ በካርቶን እያራገበች ነበር።

"ሆዳን፣ የብርድ ጃኬት አለሽ? ወፍራም።"

ካርቶኑ ቆመ። "ናያ!" አለች፤ በሶማልኛ "አንቺ!" ማለቷ ነው። "ደህና ነሽ?"

"ደህና ነኝ።"

"ማን ሊለብሰው ነው?"

"እኔ።"

ጎረቤቷን ጠራች፣ ጎረቤቷ ሌላ ጎረቤት ጠራች፤ ሦስቱ በሶማልኛ ተመካከሩብኝ። በመጨረሻ ሆዳን ከክምሩ ሥር እስከ ክንዷ ገብታ አንድ ነገር ጎትታ አወጣች። ያበጠ፣ የበሰለ ማንጎ ቀለም ያለው፣ ከላይ እስከ ታች ሽንሽን የሆነ ጃኬት። እጄ ላይ ሳደርገው ክብደት የለውም። ይኸው! አልኩ በልቤ፤ ሳይንስ ማለት ይህ ነው።

"ልሞክረው።"

"እዚህ? አሁን?" አለች ሆዳን ወደ ሰማይ እያየች።

ያልለኩትን ልብስ አልገዛም፤ አቋሜ ነው። ለበስኩት። ዚፑን ያዝኩና በልበ ሙሉነት እስከ አገጬ ድረስ ሳብኩት። እዚያ ደርሶ ቆመ። ወደ ታች ስስበው እንቢ አለ። ወደ ላይ ስገፋው እንቢ አለ።

ሆዳን ሞከረች። ጎረቤቷ ሞከረች። አንዷ ሳሙና አመጣች፣ አንዷ ሻማ አመጣች። ሁለቱ ከኋላ ትከሻዬን ይዘው፣ ሁለቱ ከፊት ዚፑን ይዘው ሲጎትቱ ሰው ተሰበሰበ። "በራሷ በኩል ይውለቅ!" አለ አንዱ። አንገትጌው ሹሩባዬ ላይ ቀረና ለጥቂት ጊዜ ጨለማ ውስጥ ነበርኩ፤ ከውስጥ ሆኜ ሰዎቹ ሲከራከሩ እሰማለሁ። መልሰው አወረዱት። "እንቅደደው" አለች ሆዳን፣ መቀስ ይዛ።

"አይሆንም! ተራራ የምወጣበት ነው!"

እንግዲህ እንዲሁ እንደለበስኩት ባጃጅ ያዝኩ። ሹፌሩ ዞር ብሎ ሲያየኝ የድሮ ተማሪዬ ሆኖ ተገኘ።

"ቲቸር! አቦ ምን ሆነሽ ነው?"

ላቤ ዓይኔ ውስጥ ገብቷል፣ ከንዴቴ የተነሣ እንቀጠቀጣለሁ፣ አገጬን ዚፑ ስለያዘው አፌን በደንብ መክፈት አልችልም። "ለብርድ ነው" ማለቴ ነበር። እሱ የሰማው "በርዶኛል" ነው።

"ያ አላህ! ወባ!"

ሐኪም ቤት ሊወስደኝ ፈለገ፤ "ቤት! ቤት!" አልኩ። በአንድ እጁ እየነዳ በሌላው እጁ ስልክ ደወለ፤ ለማን እንደደወለ አላውቅም፤ ነገር ግን ሳቢያን ስንደርስ የሰሚራ አያት አዴ ዘይነባ ብርቱካን በፌስታል ይዘው በሬ ላይ ቆመው ነበር። እሳቸውን ብቻ ነው አንቱ የምለው፤ እሳቸው ግን እኔን ገና እንደ ሕፃን ነው የሚቆጥሩኝ።

ደግፈው አስገቡኝ። አልጋ ላይ አስተኙኝ። አዴ ዘይነባ እጃቸውን ግንባሬ ላይ አደረጉ።

"እሳት ናት!"

"ጃኬቱ ነው አዴ!"

"መቃዠት ጀምራለች" አሉ ዞር ብለው፤ ከኋላቸው አምስት የሰፈር ሴቶች ገብተዋል። አንዷ ብርድ ልብስ አመጣችና ከጃኬቱ በላይ ደረበችልኝ። አንዷ ጸበል ረጨችኝ፤ እሷን ልስማት ምንም አልቀረኝ። "ድገሚኝ፣ ድገሚኝ" ስላት ከክፉ መንፈስ ጋር የምታገል መስሏት አለቀሰች። ለብርድ ልዘጋጅ ብዬ በሙቀት ልሞት ነው ብዬ አሰብኩ፤ በእርግጥ በልቤ የፈራሁት ሞቱን ሳይሆን ለለቅሶ የሚመጣው ሰው "በምን ሞተች?" ሲል የሚሰጠውን መልስ ነበር።

መስፍን ከሥራ ሲገባ ቤቱ ሞልቷል። ማንንም ሳያናግር አልጋው አጠገብ ተንበረከከ፣ ዚፑን እንደ ሞተር ከግራም ከቀኝም አየው፣ ከኪሱ ፒንሳ አወጣ፣ ጫፉን ትንሽ ዘይት አስነካ፣ አንድ ጊዜ ቆንጠጥ አደረገ። ጃኬቱ ተከፈተ። ክዳኑ እንደተነሣ ድስት እንፋሎት ወጣኝ። "አልሐምዱሊላህ!" "እግዚአብሔር ይመስገን!" ቤቱ ሁሉ በአንድ አፍ ተነፈሰ።

"ታዲያ ወባ ካልሆነ" አሉ አዴ ዘይነባ ቀስ ብለው፣ "ይህን ነገር ለምን ለበስሽው?"

"ተራራ ልወጣ ነው። ውርጭ ላይ።"

በዚህ መካከል ሰሚራ የውኃ ማንቆርቆሪያ እንደያዘች በሩ ላይ ቆማ ነበር።

"ግን ቲቸር፣ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ ብለሽ የለ? ጫማሽ ሁሉ ተጣብቆ…"

መስፍን ፒንሳውን አስቀመጠ። "የማን ጫማ?"

ሁሉም ሰው ያየኛል። ቤት ሙሉ ሰው ፊት፣ ፀጉሬ ቆሞ፣ ብርቱካን ታቅፌ፣ መዋሸት እንኳ ብፈልግ ጉልበቱ የለኝም።

"አላየሁም፣ ሰሚራ። አንድም ቀን አላየሁም። ክፍል ውስጥ ዋሽቻችኋለሁ።"

ሰሚራ ዓይኗን ሳታርገበግብ አሰበችበት። "አውቀናል" አለች።

"እንዴት?"

"በባዶ እግሬ ተመለስኩ አልሽ። ጫማ የሚያጣብቅ ብርድ ካለ በባዶ እግር አይኬድም። ከክፍል ስንወጣ ተከራከርንበት።"

"ታዲያ ለምን ዝም አላችሁኝ?"

"ታሪኩ ጥሩ ነበር።"

ይህ ከስድብ ሁሉ የከፋ ነው። አፈርኩ። ግን ደግሞ ቀለለኝ፤ ጃኬቱን ከማውለቅ የበለጠ። ያን ጊዜ ነው እውነት መናገር ሳይሆን ለመናገር መዘጋጀቱ እንደሚከብድ የገባኝ። መስፍንም ነገሩ የነካው ይመስለኛል፤ ጉሮሮውን ጠረገና ወለሉን እያየ፣ "ዶሮውን በተመለከተ… እኔም ትንሽ ጨምሬበታለሁ" አለ።

"ስታዪው ግን" አለች ሰሚራ፣ "አሁን በደንብ ተመልክተሽ ንገሪን። ምን እንደሚመስል ሳይሆን፣ ምን እንደሆነ።"

ከዚህ በኋላ መቅረት የሚባል ነገር አልነበረም። በውሸቴ ብሄድ ኖሮ ጉልበቴ አመመኝ ብዬ እመለስ ነበር፤ አሁን ግን ተልኬያለሁ።

በሽተኛ ሊጠይቅ የመጣው ሰው ታማሚ ሲያጣ ቦርሳ ወደ ማሰናዳት ዞረ። አዴ ዘይነባ ማርና ሚጥሚጣ አስመጡ፣ "ማሩ ለውስጥ፣ ሚጥሚጣው ለካልሲ"። ጸበል የረጨችኝ ጎረቤቴ ለሠርግ የምታውሰውን ትልቁን ፔርሙዝ ይዛ መጣች። አንዷ ትራስ፣ አንዷ የልጇን ጡጦ አመጣች፤ "ተኝተሽ የምትጠጪበት" አለችኝ። መስፍን ፒንሳውን ጨመረ። ሁሉም የየራሱን ካስገባ በኋላ ቦርሳዋን ላነሳ ስሞክር እሷ ወደ ራሷ ሳበችኝ።

በዚህ ጊዜ የመምህርነት ድምፄን አወጣሁ። "ሁላችሁም ተቀመጡ!" ተቀመጡ፤ መስፍንም ጭምር። ቦርሳዋን ምንጣፉ ላይ ዘረገፍኩና እያንዳንዱን ዕቃ እያነሣሁ ራሴን ጠየቅሁ፤ ይህ ባይኖር ሰሚራ የጠየቀችኝን ከማየት እቀራለሁ? ጡጦው ወደ ባለቤቱ። ትራሱ ወደ ባለቤቱ። ፔርሙዙ ለሠርግ። ከስምንት ካልሲ አራት ቀረ። ማሩን በትንሽ ብልቃጥ አደረግሁት። ዳቦ፣ ውኃ፣ ባትሪ፣ ቅባት፣ ደብተርና እስክሪብቶ።

"ልብሱስ?" አለ መስፍን።

"ልብስ የሚሄደው በሰው ላይ ነው። ቦርሳ ውስጥ የሚገባ ልብስ የለም። እለብሰዋለሁ።"

"ሁሉንም?"

"ሁሉንም።"

ተከራከሩኝ፤ አልሰማሁም። ቦርሳዋ ያለ ምንም ግፊያ ተዘጋች። በሕይወቴ ብዙ ነገር ዘግቻለሁ፤ እንደዚያ የኮራሁበት የለም።

ቅዳሜ ንጋት ላይ፣ ሁለት ሱሪ፣ ሦስት ሹራብና ማንጎውን ጃኬት ለብሼ ሚኒባሱ ጋ ደረስኩ። የጃኬቱን ዚፕ እንዳልነካ መስፍን አስምሎኛል፤ በገመድ ነው ያሰርኩት። ቶፊቅ መጀመሪያ ቦርሳዬን አየ።

"እንዲህ ነው ቦርሳ! ሁላችሁም እዩልኝ!" ከዚያ እኔን አየ። "ቲቸር… ከሐሙስ ወዲህ ወፍረሻል?"

"ቦርሳው ትንሽ ይሁን አልክ እንጂ ሰውዬዋ ትንሽ ትሁን አላልክም።"

አንድ ወንበር ተኩል ይዤ ተቀመጥኩ። የደንገጎን ጠመዝማዛ እስክንወጣ ድረስ የደረሰብኝን አልዘረዝርም፤ አጠገቤ የተቀመጠው የሒሳብ መምህር በመጽሔት ሲያራግብልኝ ክንዱ ዛለ። ዳገቱን ስንጨርስ ግን መስኮቶቹ አንድ በአንድ መዘጋት ጀመሩ። ሰዎቹ ክርናቸውን አቀፉ። ግራዋ ስንደርስ የሒሳብ መምህሩ ማራገቡን ትቶ እየተጠጋኝ ነበር።

ብቻ አንድ ነገር አላሰብኩም፤ ዳገት በእግር ሲወጡት ይሞቃል። ገና ግማሽ ሰዓት ሳንሄድ ፈላሁ። ያወለቅሁትን የምከትበት ቦታ ደግሞ የለኝም። ሹራቦቹን በእጅጌያቸው ወገቤ ላይ አሰርኩ፣ አንዱን ሱሪ አንገቴ ላይ ጠመጠምኩ፣ ጃኬቱን በዱላ ጫፍ ተሸከምኩ። ከገበያ የሚመለሱ ገበሬዎች ሰላም እያሉን ሲያልፉ አንዱ ቆም ብሎ ሹራቡን በጣቶቹ ዳሰሰና በኦሮምኛ ዋጋውን ጠየቀኝ። የማልሸጥ መሆኔን ስነግረው ዋጋ ላስጨምር ፈልጌ ነው ብሎ ያሰበ መስሎኝ ሮጬ አመለጥኩ። ጉልበቴ እንደዚያ እንደሚሮጥ አላውቅም ነበር።

ሌሊቱን በአጭሩ ልለፈው። ሁሉንም መልሼ ለበስኩ፤ ስሊፒንግ ባጉ ውስጥ ገባሁ፤ ያም ሆኖ ጥርሴ ያለ ፈቃዴ ያወራ ነበር። ሁለት ወጣት መምህራት የመጡት በስስ ሻርፕ ስለነበር አንዳንድ ሹራብ ሰጠኋቸው። ለደብረ ብርሃን በልቤ ይቅርታ ጠየቅሁ።

ሲነጋ ቶፊቅ ጠራን። ከድንኳኑ ተሳብኩና ወጣሁ።

ነጭ ነበር። ስኳር ግን አይደለም። ስኳር ይነሰነሳል፣ ይንሸራተታል፤ ይህ እያንዳንዱ ሣር ጠርዝ ላይ እንደ ጥልፍ የተሰፋ ነው፣ መርፌ መርፌ የሚያህል። ረገጥኩት። አልጮኸም፤ ደረቅ ዳቦ ሲቆረስ የሚያሰማውን ያህል ብቻ። ጫማዬም አልተጣበቀም። ተንበርክኬ አየሁት። ሌሎቹም እንደኔ ተንበረከኩ፤ ስምንት መምህራን፣ አፍንጫችንን ሣር ላይ ደፍተን።

"ምን ጠፍቷችሁ ነው?"

ቀና ስል አንዲት ሴት ቆማለች፤ ጀሪካን ይዛ፣ ስስ ነጠላ ጣል አድርጋ፣ እኔ አራት ልብስ ለብሼ የምንቀጠቀጥበት ብርድ ውስጥ ቀጥ ብላ። በኦሮምኛ ነው የጠየቀችን፤ እኔም የድሬ ልጅ ነኝና በኦሮምኛ መለስኩላት።

"ምንም አልጠፋን። ውርጩን እያየን ነው።"

ውርጩን አየች። እኔን አየች። "ለዚህ ነው ከድሬዳዋ የመጣችሁት?"

"አዎ።"

"እንግዲያ ውሰዱት" አለች። "ሁሉንም ውሰዱት። ድንቼን ፈጅቶብኛል።"

ሙሚና ነው ስሟ። ተከትያት ወደ ማሳዋ ወረድኩ። ከድንኳናችን የመቶ እርምጃ መንገድ አይሆንም። ግማሹ የድንች ቅጠል ጠቁሮ፣ እንደተቀቀለ ጎመን ተልፈስፍሶ መሬት ላይ ተኝቷል። ግማሹ አረንጓዴ ነው፤ ላዩ ላይ ገለባ ለብሶ።

በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ ውርጭ የሰው ማሳ ውስጥ ይገባል ብዬ አስተምሬ አላውቅም። ገብስ ይበቅልበታል፣ ሕዝብ አይበዛበትም፣ እፍፍፍ። በቃ።

"ለምን ግማሹን ብቻ ሸፈንሽው?"

"ገለባው እስከዚያ ነው የደረሰው።"

"እንደሚጥል በምን አወቅሽ?"

"ሰማዩን አይቼ ነዋ! ጥርት ካለ፣ ነፋሱም ከቆመ ይመጣል። ደመና ያለ ዕለት ተኝቼ አድራለሁ።"

የሰማዩን ነገር ከመጽሐፍ አውቀዋለሁ። ገለባው ግን መጽሐፌ ውስጥ የለም፤ የት ላይ እንደሚያልቅም የለም። ድቡን ከፈትኩና ደብተሬን አወጣሁ። ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ሙሚና ጀሪካኗን አስቀመጠች።

"ምንድን ነው የምትጽፊው?"

"ያልሽኝን። ለተማሪዎቼ።"

"አስተማሪ ነሽ?"

"ነኝ።"

"ይህን አታውቂም?"

"አላውቅም" አልኩ። እንዴት ቀላል ቃል ነው!

አየችኝ፤ ሳቅ ፊቷ ላይ መጥቶ ተመለሰ። ከዚያ አጠገቤ ቁጢጥ ብላ ጣቷን ደብተሬ ላይ አሳረፈች። "እስቲ የጻፍሽውን አንብቢልኝ።"

አነበብኩላት። "በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ በየሌሊቱ ይጥላል…"

"በየሌሊቱ አላልኩም" አለች። "ሰማዩ ሲጠራና ነፋሱ ሲቆም ነው ያልኩት። ሁለቱም አንድ ላይ። እንዲህ ብለሽ ካስተማርሻቸው ልጆቹ ገለባቸውን በከንቱ ይጨርሱታል።"

ሰረዝኩት። ጣቶቼ ደንዝዘው እስክሪብቶው አልታዘዝ ቢለኝም፣ እንደገና ጻፍኩና ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩላት።

"አሁን ልክ ነው" አለችና ጀሪካኗን አነሣች።